ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም ወይስ ኢሞ? ውጭ ላለች ልጅና አገር ቤት ላለች እናት

የስልክ መተግበሪያ ሲገመገም አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የምስሉ ጥራትና የድምፁ መቆራረጥ ነው። ሪያድ፣ ቤይሩት ወይም ዋሽንግተን የምትኖር ትልቅ ልጅ ከእናቷ ጋር የምትኮራረፈው ግን ምስሉ ስለደበዘዘ አይደለም። ነገሩ የሚጀምረው «ትናንት ማታ ኦንላይን ነበርሽ፤ እኔ ስደውል ግን አላነሳሽም» ከሚለው ነው። ስለዚህ እዚህ መተግበሪያዎቹ የተመዘኑት ለኩርፊያ በሚሰጡት ሰበብ ነው፤ ሰበቡ ያነሰ ይመረጣል።

ለቸኮለ ሰው መልሱ ዋትስአፕ ነው፤ ግን እንደተጫነ ሳይሆን ሰቲንጉ በሁለቱም ስልክ ከተስተካከለ በኋላ። ቴሌግራም በጥቂት ነገር ይበልጠዋል፤ ስልክ ጠልቃ ለማታውቅ እናት ግን ይከብዳል። ኢሞን የምንመክረው የእናት ስልክ ካረጀ ወይም ኔትወርኩ ከደከመ ብቻ ነው።

«ኦንላይን» የምትለዋ ቃል

ዋትስአፕ አንድ ሰው ከፍቶት ሳለ ከስሙ ሥር «ኦንላይን» ብሎ ያሳያል፤ ሲዘጋው ደግሞ መጨረሻ የታየበትን ሰዓት ያስቀምጣል። ለሥራ ባልደረባ ይህ ተራ መረጃ ነው፤ ለእናት ግን ማስረጃ ነው። ልጅቷ ለአሠሪዋ አንድ መስመር ለመመለስ ግማሽ ደቂቃ ከፍታው ይሆናል። እናት የምታየው ልጇ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንዳልተኛች ነው። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ይከተላል፦ ከማን ጋር ነበረች? ለእኔስ ለምን ጊዜ አጣች?

ማስተካከያው «ሰቲንግስ»፣ ከዚያ «ፕራይቬሲ»፣ ከዚያ «ላስት ሲን ኤንድ ኦንላይን» ውስጥ ነው። ገጹ ሁለት ክፍል አለው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የላይኛው ክፍል የመጨረሻውን ሰዓት ማን እንደሚያይ ይወስናል። የታችኛው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ኦንላይን መሆንን ማን እንደሚያይ ይወስናል። የላይኛውን «ኖባዲ» አድርጎ የታችኛውን የተወ ሰው ሰዓቱ አይታይም እንጂ ኦንላይን ሲሆን እንደበፊቱ ይታያል። የታችኛውን «ሴም አዝ ላስት ሲን» ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ምርጫ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ሰቲንጓን ያስተካከለች ልጅ ተመልሳ ብታየው ጥሩ ነው።

«ማይ ኮንታክትስ ኤክሴፕት» የሚለው ምርጫ የአንድን ሰው ስም ብቻ ለይቶ ለመከልከል ያስችላል። የእናትን ስም እዚያ ማስገባት ፈታኝ ነው፤ አይመከርም። እናትና ታናሽ እህት አንድ ቤት ይኖራሉ። በእህት ስልክ የሚታየው ሰዓት በእናት ስልክ ካልታየ ሳምንት ሳይሞላ ይታወቃል። ያን ጊዜ ነገሩ «አላነሳችም» መሆኑ ቀርቶ «እኔን ለይታ ደበቀችኝ» ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በአንድ የስልክ ጥሪ የሚበርድ ኩርፊያ አይደለም። መደበቅ የፈለገች ከሁሉም ትደበቅ። ዋጋ አለው፦ የራሱን ሰዓት የደበቀ ሰው የሌላውንም ማየት አይችልም። እናቷ ብቻዋን የምትኖር ልጅ ደግሞ ጠዋት ተነስታ ስልኳን መክፈቷን በዚሁ ሰዓት ነው የምታረጋግጠው። እንዲህ ያለች ልጅ ባትነካው ይሻላታል።

ቴሌግራም እዚህ ላይ ብልህ ነው። የተደበቀ ሰውን ጭራሽ አያጠፋውም፤ ትክክለኛውን ሰዓት ሳይናገር «በቅርቡ ታይቷል»፣ «በሳምንት ውስጥ»፣ «በወር ውስጥ» እያለ በግምት ያሳያል። «በቅርቡ» ማለት ከዛሬ እስከ ሦስት ቀን ነው። እናት ልጇ ደህና መሆኗን ታውቃለች፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መንቃቷን ግን አታውቅም። አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው፦ ለእናት ወይም ሁለቱም ባሉበት ግሩፕ መልእክት ከተላከ ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ኦንላይን መሆን ይታያል። የቤተሰብ ግሩፕ ላይ «አሜን» ብሎ የእናትን ጥሪ መዝለል የሚያጋልጠው ለዚህ ነው።

ሰማያዊው ምልክትና ሰማያዊው ማይክ

በዋትስአፕ የተነበበ መልእክት ሁለት ሰማያዊ ምልክት ያወጣል። «ፕራይቬሲ» ውስጥ «ሪድ ሪሲትስ» የሚለውን ማጥፋት ይቻላል፤ ሲጠፋ ግን የሌሎቹም አይታይም። ብዙዎች የማያውቁት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ግሩፕ ላይ አይሠራም፤ እዚያ ማን እንዳነበበ ሁልጊዜ ይታያል። ሁለተኛ፣ ቮይስ ላይም አይሠራም። ቮይሱ ሲደመጥ አጠገቡ ያለችው የማይክ ምልክት ሰማያዊ ትሆናለች፤ ይህን የሚያጠፋ ሰቲንግ የለም።

አገር ቤት ያሉ እናቶች አብዛኛውን የሚልኩት ቮይስ ነውና ከሁለቱ ምልክቶች ይልቅ የምታጣላው ይህቺ ማይክ ናት። እናት ስለ አንድ «ጥሩ ልጅ» ለአራት ደቂቃ ያወራችበት ቮይስ ተደምጦ መልስ ሳይሰጠው ሁለት ቀን ካደረ፣ ዝምታው ራሱ እንደ መልስ ይቆጠራል። ቮይሱን ጊዜ እስኪገኝ ሳይከፍቱ ማቆየት አንድ መፍትሔ ነው። የሚሻለው ግን ሰምቶ ወዲያው አጭር ነገር መመለስ ነው፦ «ሰምቼዋለሁ እማዬ፤ እሑድ እናወራለን»። የስድስት ሰከንድ ቮይስ የሁለት ቀን ኩርፊያን ያድናል።

በቴሌግራም የተነበበበትን ምልክት በተራው አካውንት ማጥፋት አይቻልም። ይህ ግልጽ ጉድለቱ ነው።

ቮይስ፦ ዋናው ዕቃ

ዋትስአፕን ከሌሎቹ ያስቀደምንበት ምክንያት እዚህ አለ። ጽሑፍ ማንበብ ለማትችል ወይም ዓይኗ ለደከመ እናት ቮይስ ብቸኛው መንገድ ነው። በሰው ቤት ለምትሠራ ልጅም እንዲሁ። አሠሪዋ ስልክ የምትሰጣት ማታ ብቻ ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት እናት ተኝታለች ወይም ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ገና አልተነሳችም። ቮይስ ሁለቱ በአንድ ሰዓት እንዲነቁ አያስገድድም።

አቀራረጹ እንዲህ ነው። ማይኩን ተጭኖ ወደ ላይ መጎተት፤ ቁልፍ ምልክት ሲታይ ጣትን ማንሳት ይቻላል፣ መቅዳቱ ይቀጥላል። በመሃል ማቆምና እንደገና መቀጠልም ይቻላል። ሲያበቃ ከመላክ በፊት የማጫወቻ ምልክቱን ነክቶ የተናገሩትን መስማት ይቻላል፤ ካልጣመ የቆሻሻ ቅርጫቱን መንካት ነው። ተናዶ የተቀዳ ቮይስ ሲሰማ ሌላ ሰው የተናገረው ይመስላል። ከእናት ጋር ለሚደረግ ክርክር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ እስካሁን አላየንም፤ ስልክ ተደውሎ የተነገረን ቃል ማንም ቀድሞ አያዳምጠውም።

ከማዳመጥ በኩል ደግሞ አንድ ነገር እናትን ማስተማር ይገባል። ቮይሱን ከፍታ ስልኩን እንደ ጥሪ ጆሮዋ ላይ ብታደርገው ድምፁ ከስፒከር ወደ ጆሮ ማዳመጫው ይዛወራል። ይህን የማታውቅ እናት «ማህፀኔን ሐኪም አየኝ» የሚለውን የልጇን ቮይስ ቡና በተፈላበት መሃል ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ታጫውተዋለች። ከዚያ የሚመጣውን ወሬ ልጅቷ የምትሰማው ከሌላ አገር፣ ከአክስቷ ነው። ስለዚህ የሚከብድ ነገር ያለው ቮይስ ከመላኩ በፊት በአጭሩ «ቀጣዩን ብቻሽን ስሚው» ብሎ ማስቀደም ያስፈልጋል።

ቮይስ የሚበላሸው ሲረዝም ነው። የአሥር ደቂቃ ቮይስ ውስጥ አምስት ጉዳይ ይኖራል፤ ሰሚዋ ለመጨረሻው ብቻ ትመልሳለች፤ ላኪዋ የመጀመሪያው እንደተናቀ ትቆጥራለች። አንድ ጉዳይ፣ አንድ ቮይስ፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ። ረጅም ከመጣ ልጅቷ ፍጥነቱን 1.5 ወይም 2 ላይ አድርጋ መስማት ትችላለች። የእናትን ምክር በሁለት እጥፍ ፍጥነት መስማት ነውር ነው የሚል ካለ፣ እናት አታውቅም፤ መተግበሪያው አይነግራትም።

ገንዘብ ግን በቮይስ አይወራ። «የላክሁት ለቤት ኪራይ ነበር»፣ «አይ፣ ለእህትሽ ክፍያ ነው ያልሽኝ» የሚለው ጭቅጭቅ ከቮይስ የሚወጣው ቮይስ ውስጥ መፈለግ ስለማይቻል ነው። ጽሑፍ ግን ተፈልጎ ይገኛል። የተላከውን በውጭ ገንዘብ፣ የደረሰውን በብር፣ ለምን እንደሆነ በሦስት ቃል ጽፎ የኮከብ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ሁለቱንም ቁጥር የምንለው በምክንያት ነው፦ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን አንድ ዓይነት መቶ ዶላር በየወሩ የተለያየ ብር ይሆናል። እናት «ያለፈው ወር ይበልጥ ነበር» ስትል ልጅ መቀነሷን መጠርጠሯ ላይሆን ይችላል። ማንበብ የማትችል እናት ከሆነች ጽሑፉ ለልጅቷ መዝገብ ይሁን፤ ለእናት ደግሞ ያንኑ በቮይስ መድገም ነው።

ሲጠፋ የሚቀረው

ዋትስአፕ የላኩትን ለሁሉም ማጥፋት ለ60 ሰዓት ያህል ይፈቅዳል፤ ጽሑፍ ማረም ደግሞ ለ15 ደቂቃ። ችግሩ ሲጠፋ በቦታው «ይህ መልእክት ጠፍቷል» የሚል ማስታወሻ መተዉ ነው። ለእናት ከጠፋው ቃል ይልቅ ማስታወሻው ይከብዳል፤ «ምን ብለሽ ነው ያጠፋሽው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ልጅቷ የምትሰጠው መልስ ሁሉ ውሸት ይመስላል። ቴሌግራም እዚህ ላይ ይበልጣል። በማንኛውም ጊዜ፣ ለሁለቱም ወገን፣ ምንም ምልክት ሳይተው ያጠፋል። ግን ሌላው የላከውንም ማጥፋት ስለሚችል፣ አንዷ ተናዳ የዓመታት ወሬውን ከሁለቱም ስልክ ልትጠርገው ትችላለች።

ቴሌግራም ሌላም ጥሩ ነገር አለው። የመላኪያውን ምልክት ተጭኖ በመያዝ መልእክቱ በተመረጠ ሰዓት እንዲሄድ ወይም ድምፅ ሳያሰማ እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል። ዋሽንግተን ላለች ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከአዲስ አበባ በክረምታቸው ስምንት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የእንቁጣጣሽን «እንኳን አደረሰሽ» ማታ አዘጋጅታ ለእናቷ ማለዳ 12 ሰዓት እንዲደርስ ታደርጋለች። ከጎረቤት ልጆች ቀድሞ መድረሱ ለእናት ምን ያህል እንደሚቆጠር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሪያድ፣ ኩዌትና ዶሃ ካለች የሰዓት ልዩነት የለም፤ ዱባይ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። «በሰባት ሰዓት እደውላለሁ» ሲባል ግን የማን ሰባት እንደሆነ ይነገር፤ ዓመታት ውጭ የቆየች ልጅ የምትቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ እናት ደግሞ በምሳ ሰዓት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

ቪዲዮ

ቪዲዮ በሦስቱም ጥሩ ነው፤ ሲበዛ ግን ያደክማል። ካሜራው የሚያሳየው ከሚፈለገው በላይ ነው። «ከሳሽ»፣ «ፀጉርሽን ምን አደረግሽው»፣ «ያ ኋላሽ ያለው ማን ነው» የሚሉት ከሰላምታው ቀድመው ይመጣሉ። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ቀኑ አስቀድሞ ተነግሮ ቢሆን ለሁለቱም ይቀላል። ሳይነገር የመጣ የቪዲዮ ጥሪ ብዙ ጊዜ ምርመራ ይመስላል፤ አንዳንድ ጊዜም ነው።

ዳታ የሚበላውም እሱ ነው። እንደ ኔትወርኩ ቢለያይም የቪዲዮ ጥሪ በደቂቃ አምስት ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ የአንድ ሰዓት ወሬ ሦስት መቶ ሜጋባይት ማለት ነው። የድምፅ ጥሪ በደቂቃ አንድም አይሞላ። የእናት ፓኬጅ በወሩ አጋማሽ አለቀ ማለት ሁልጊዜ ተጭበረበረች ማለት አይደለም። «ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ» ውስጥ «ዩዝ ለስ ዳታ ፎር ኮልስ» የሚለውን ማብራት ነው። እዚያው ገጽ ላይ በሞባይል ዳታ ሲሆን ፎቶና ቪዲዮ ራሱ እንዳይወርድ ምልክቶቹን ማንሳት። የበዓል ፎቶና የስብከት ቪዲዮ የሞላው ስልክ የልጅን መልእክት መቀበል ያቅተዋል። ቮይስ ግን ይህ ቢዘጋም ራሱ ይወርዳል፤ አይቀርም።

ስታተስና መርዶ

ስለዚህ ጉዳይ ማንም ገምጋሚ አይጽፍም፤ በእኛ ዘንድ ግን ከሁሉ የከበደው ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ ማለዳ ይሄዳል፤ ውጭ ላለችም በዚያው አገር ያሉ ወዳጆች ቤቷ ሄደው ይነግሯታል። አሁን ግን የአጎት ልጅ የሟችን ፎቶ ከሻማ ጋር ስታተስ ላይ ይለጥፋል፤ ልጅቷ ሥራ ቦታ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ብቻዋን ታየዋለች። እናትም የምትከፍለው አላት፦ እስኪነገራት ድረስ ልጇ ስትደውል ደህና ነኝ ማለት ወይም ስልክ አለማንሳት። ሦስት ቀን ያላነሳች እናት ደግሞ ራሷ የሞተች ትመስላለች።

የሚሠራው ቀድሞ መዘጋጀት ነው። ልጅቷ ባለችበት ከተማ የሚታመን አንድ ሰው ተመርጦ ቁጥሩ በእናትና በአንድ ወንድም ወይም እህት ስልክ ይቀመጥ። ስታተስ የሚለጥፍ ሰው «ስታተስ ፕራይቬሲ» ውስጥ ገብቶ «ማይ ኮንታክትስ ኤክሴፕት» በሚለው የእሷን ስም ያውጣ። ግሩፕ ላይ ግን ማንንም ለይቶ መከልከል አይቻልም፤ እስኪነገራት ግሩፑ ዝም ይበል። ፌስቡክና ቲክቶክን ማንም አይቆጣጠረውም፤ ስለዚህ ከሁሉ የሚረዳው መርዶውን አለማዘግየት ነው።

ኢሞና የዱባይ ጉዳይ

ኢሞ በአሮጌ ስልክና በደካማ ኔትወርክ የሚሠራ ቀላል መተግበሪያ ስለሆነ ዓረብ አገር ያሉ ልጆችና እናቶቻቸው ለምደውታል። ከጥሪ ጋር ማስታወቂያ ያሳያል፤ የማይታወቁ ሰዎችም በቀላሉ ይገቡበታል። እናት አንዱን ማስታወቂያ ነክታ ሌላ ነገር ከከፈተች ጥፋተኛዋ ሁልጊዜ «ይህን ነገር የጫነችው» ልጅ ናት።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ለብቻው ነው። ዋትስአፕ ላይ ጽሑፍና ቮይስ ይሠራል፤ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ግን ተዘግቷል። ፈቃድ ካላቸው መተግበሪያዎች አንዱ ቦቲም ነው፤ በእናት ስልክም ላይ መጫን አለበት። ቪፒኤን (ኢንተርኔቱን በሌላ አገር በኩል የሚያዞር መተግበሪያ) ተጠቀሚ የሚል ጓደኛ አይጠፋም፤ እዚያ አገር ቪፒኤንን ለወንጀል መጠቀም ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ያስቀጣልና ምክሩን ማለፍ ይሻላል። «ሳዑዲ ያለችው የእከሊት ልጅ በቪዲዮ ትደውላለች፣ የኔዋ ግን…» የሚለው ወቀሳ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ሳዑዲ የኢንተርኔት ጥሪን እ.ኤ.አ. በ2017 ፈቅዳለች፤ ዱባይ ግን እንደዚያ አይደለችም። ይህን ለእናት አንድ ጊዜ በደንብ ማስረዳት ብዙ ያቀላል።

ኢንተርኔት ጭራሽ ሲቋረጥ ደግሞ፣ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል እንደታየው፣ አንዳቸውም አይረዱም። የእናት፣ የጎረቤትና ከተማ ያለ የአንድ ዘመድ ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ መስመሩ ከሠራም መደበኛው ጥሪ ነው ያለው።

የእናት ስልክ ላይ ሳይዘለል የሚሠራ

የእናትን ስልክ የሚያዘጋጅላት ብዙ ጊዜ እህት ወይም ወንድም ነው። «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለው ገጽ ይታይ። ዋትስአፕ እስከ አራት ተጨማሪ መሣሪያ ይፈቅዳል፤ እዚያ የማይታወቅ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ ሌላ ሰው ወሬውን ሁሉ እያነበበ ነው። የእናትና የልጅ ምስጢር ወንድም ጋ እንዴት ደረሰ ለሚለው፣ እናት ተናግራ ላይሆን ይችላል።

ቀጥሎ «አካውንት» ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ይከፈትና ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ይግባ፤ ቁጥሩን ልጅቷም ትያዘው። በቴክስት የሚመጣውን ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ እናት ለማንም፣ «እኔ ነኝ እማዬ» ለሚልም ቢሆን፣ እንዳትሰጥ ይነገራት። አካውንት የሚወሰደው በዚህች ኮድ ነው፤ ከዚያ በእናት ስም ለልጅ «ታምሜያለሁ፣ ቶሎ ላኪ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ቮይስ ስትልክ የኖረች እናት በድንገት ጽሑፍ ከጻፈች፣ ገንዘብ ከመላክ በፊት በመደበኛው ስልክ መደወል።

መጨረሻ «ቻት ባካፕ» በየቀኑ እንዲሆን ይደረግ። አንድሮይድ ላይ የሚቀመጠው ጉግል አካውንቱ ውስጥ ነው፤ ነጻው ቦታ 15 ጊጋባይት ስለሆነ ቪዲዮውን ሳይጨምሩ ቮይሱን ማስቀመጥ በቂ ነው። ማቆየት የሚፈለገውን ቮይስ ለይቶ በ«ሼር» ወደ ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» መላክም ይቻላል፤ ስልኩ ቢሰረቅ ወይም ቢሰበር እዚያ ያለው አይጠፋም።